የቁርጡባው ቀዶ ሐኪም አቡል ቃሲም አል-ዘህራዊና የሰው ልጅ አንገት

አንዲት ሴት በአንገቷ ላይ እብጠት ወጣባት። እኛ ንፍፊት ከምንለው ዓይነት፣ ከቆዳ በታች ተቋጥሮ ቀስ በቀስ የሚያድግ እብጠት ነበር። ሐኪም ነኝ ያለ አንድ ሰው ተጠራ፤ ምላጩንም አንሥቶ እብጠቱን ሰነጠቀው። ይሁንና ከእብጠቱ ሥር ምን እንዳለ የማያውቅ ሰው ነበርና በአንገቷ ውስጥ የሚያልፉትን የደም ሥሮች አብሮ ቆረጣቸው። ደሟ ሊገታ ሳይችል ፈሰሰ፤ ሴትዮዋም እዚያው በፊቱ ወድቃ ሞተች።

ይህ የሆነው ከሺህ ዓመት በፊት በአንዳሉስ ምድር ነው። የሟቿ ስም አልተጻፈም፤ የሐኪሙም ስም እንዲሁ። ታሪኩን ለትውልድ ያቆየው ነገሩን በዓይኑ ያየው አቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብን ዐባስ አል-ዘህራዊ ነው። አውሮፓውያን አቡልካሲስ ብለው የሚያውቁት ይህ ታላቅ ሐኪም፣ ስመ ጥር ያደረገውን የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ሲጀምር በመግቢያው ላይ ያሰፈረው ያዳናቸውን ሰዎች ሳይሆን በሌሎች እጅ የጠፉትን ነው። የአንገት እብጠት የነበረባት ሴት ከእነርሱ አንዷ ናት። ሌላው በፊኛው ውስጥ ትልቅ ጠጠር የነበረበት አንድ ሽማግሌ ነው። ጠጠሩን እንዲያወጣ አስቀድሞ የተጠራው ራሱ አል-ዘህራዊ ነበር፤ የጠጠሩን ትልቅነትና የበሽተኛውን አቅም አይቶ ሰውየው እንደማይተርፍ ስለ ተረዳ እጁን ሰበሰበ። ሌላ ደፋር መጥቶ ጠጠሩን ከፊኛው ሥጋ ጋር ገንጥሎ አወጣው፤ ሽማግሌውም በሦስተኛው ቀን ገደማ ሞተ።

አል-ዘህራዊ እነዚህን ሞቶች የዘረዘረው ባልንጀሮቹን ለማዋረድ ብቻ አልነበረም። በአገሩና በዘመኑ ብቁ ቀዶ ሐኪም የጠፋበትን ምክንያት ለተማሪዎቹ ሊያስረዳ ፈልጎ ነው። ምክንያቱም በእርሱ አመለካከት አንድ ነበር፤ የሰውነትን ክፍሎች ቅርጽ፣ አቀማመጥና መጋጠሚያ፣ የአጥንቱን፣ የጅማቱንና የደም ሥሩን መሄጃ ሳያጠኑ ወደ ምላጭ መሮጥ። ይህን ዕውቀት ያላገኘ ሰው ሰውን ከመግደል እንደማይድን በግልጽ ጽፏል።

ሰውየው ራሱ ከየት ተነሣ? እ.ኤ.አ. በ936 (በ325 ዓመተ ሂጅራ) የአንዳሉሱ ኸሊፋ ዐብዱረሕማን ሣልሳዊ ከቁርጡባ ከተማ በስተ ምዕራብ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በተራራ ግርጌ፣ አዲስ የቤተ መንግሥት ከተማ መሥራት ጀመረ። ስሟም መዲነቱ-ዘህራ ተባለ። የሐኪማችን መጠሪያ አል-ዘህራዊ የመጣው ከዚህች ከተማ ስም ሲሆን፣ የተወለደውም በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። አል-አንሷሪ የሚለው ሌላው መጠሪያው ደግሞ የዘር ሐረጉን ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ተቀብለው ካስተናገዱት የመዲና አንሷሮች እንደሚመዝዝ ያመለክታል።

ያደገበት ዘመን ቁርጡባ በምዕራቡ ዓለም አቻ ያልነበራት ከተማ የነበረችበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ961 እስከ 976 የገዛው ኸሊፋ አል-ሐከም ሁለተኛ መጽሐፍ ወዳድ ነበር፤ በቤተ መጻሕፍቱ አራት መቶ ሺህ ጥራዝ እንደነበረ ይነገራል። አል-ዘህራዊም በዚሁ ኸሊፋ ቤተ መንግሥት በሐኪምነት እንዳገለገለ ሲወሳ ኖሯል። መጽሐፉን ለሚያነብብ ግን ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ይልቅ ጎልተው የሚታዩት ተራ ሰዎች ናቸው፤ በውጊያ ቀስት የተወጉ፣ አጥንታቸው የተሰበረ፣ ዓሣ ሲበሉ እሾህ የተሰነቀረባቸው፣ ምንጭ ጠጥተው አልቅት የዋጡ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ያችን ሴት የገደላትን ነገር፣ አንገትን ራሱን ማየት ያስፈልጋል።

ሙስሊም አንባቢ የአንገትን ነገር ፈጽሞ አያውቅም አይባልም። በዒድ ዕለት በግ ሲታረድ ቆሞ ያየ ልጅ እንኳ ቢላዋው የት እንደሚያልፍ ያውቃል። የፊቅህ መምህራን በእርድ ጊዜ የሚቆረጡትን አራት ነገሮች በስማቸው ለይተው ያስተምራሉ፤ ሑልቁም የሚባለው የአየር መተላለፊያ፣ መሪእ የሚባለው የምግብ መውረጃ፣ እንዲሁም ወደጃን የሚባሉት በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ የደም ሥሮች ናቸው። ከአራቱ ስንቱ መቆረጥ ግዴታ እንደሆነ መዝሀቦች ቢለያዩም፣ አራቱ መኖራቸው ላይ ግን ልዩነት የለም። ለአራጁ እነዚህን ፈጥኖ መቁረጥ የሥራው ግብ ነው። ለቀዶ ሐኪሙ ግን ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ በእነዚሁ አራት ነገሮች መካከል አንዳቸውንም ሳይነካ ማለፍ አለበት።

ጣታችንን ከአገጫችን በታች አኑረን ወደ ታች ብንወርድ፣ መጀመሪያ ጎልቶ የሚነካን ማንቁርት ነው፤ የድምፅ አውታሮች ያሉበት፣ ስንውጥ ከፍ ዝቅ የሚል ልም አጥንት። ከእርሱ በታች የአየር ቧንቧው ይጀምራል። ይህ ቧንቧ እንዳይጨፈለቅ በተደራረቡ የልም አጥንት ቀለበቶች የተደገፈ ሲሆን፣ ቀለበቶቹ ግን ሙሉ ክብ አይደሉም፤ በስተ ጀርባ ክፍት ናቸው። በዚያ ክፍት በኩል የምግብ መውረጃው ተጠግቶ ይወርዳልና ትልቅ ጉርሻ ሲያልፍ ሊለጠጥ ይችላል። በአንድ ቀለበትና በሚቀጥለው መካከል ስስ ሽፋን አለ። ይህን ስስ ሽፋን አንባቢ በልቡ ይያዝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከማንቁርቱ ዝቅ ብሎ፣ በአየር ቧንቧው ፊት ለፊት፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ ተለጥፋለች። ታይሮይድ የምትባለው ይህችው ናት፤ ስታብጥ እንቅርት እንላታለን። በግራና በቀኝ ደግሞ፣ ራሳችንን ስናዞር ገታ ብሎ ከሚወጣው ረጅም ጡንቻ ሥር፣ ሦስት ነገሮች በአንድ ሽፋን ተጠቅልለው ይወርዳሉ። አንደኛው ከልብ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ደም ቅዳ ነው፤ ትርታው በጣት የሚታወቀው እርሱ ነው። ሁለተኛው ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ሰፊ ደም መልስ ሲሆን፣ ሦስተኛው ከአንጎል ተነሥቶ እስከ ልብና ሆድ ድረስ የሚዘልቅ ነርቭ ነው። ከሁሉም በስተ ኋላ ሰባት የአከርካሪ አጥንቶች ተደርድረዋል። የላይኛው የራስ ቅልን ይሸከማል፤ ሁለተኛው ደግሞ ራሳችንን ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንድናዞር ያስችላል። ቀጭኔም ያን ያህል ረዝማ ያላት የአንገት አጥንት ሰባት ብቻ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአየር ቧንቧውና በምግብ መውረጃው መካከል ባለው ጉድጓድ ከክር የማይወፍር ነርቭ ወደ ማንቁርት ይወጣል። ድምፅን የሚያዘው እርሱ ነው። ጥንታዊው ግሪካዊ ሐኪም ጋሌን፣ ዐረቦች ጃሊኑስ የሚሉት፣ ይህን ነርቭ በሚጮኽ እንስሳ ላይ ሲቆርጠው ጩኸቱ ወዲያው ጸጥ እንዳለ አሳይቷል። አል-ዘህራዊ የሰውነትን አቀማመጥ የተማረው በዋናነት ከዚሁ ከጋሌን መጻሕፍት ነው። በአገሩ የሰው ሬሳ ከፍቶ መማር የተለመደ አልነበረም፤ ስለዚህ መጽሐፉ ያልነገረውን ያስተማረው የበሽተኞቹ ቁስል ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ የሕክምና ልምዱን አል-ዘህራዊ በአንድ ትልቅ ሥራ አጠቃለለው። አት-ተስሪፍ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ሠላሳ ክፍሎች አሉት። አብዛኛው ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት ቅመማ ነው። የመጨረሻው፣ ሠላሳኛው ክፍል ግን ስለ ቀዶ ሕክምና የተጻፈ ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ሁለት መቶ የሚያህሉ የቀዶ መሣሪያዎች ሥዕል ከየአገልግሎታቸው ማብራሪያ ጋር ሰፍሯል፤ መንጠቆ፣ ምላጭ፣ መቀስ፣ መተኮሻ ብረት፣ መርፌ፣ ጥርስ መንቀያ። ሥዕሉን ያየ ተማሪ መምህሩ በአጠገቡ ባይኖርም አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ መሣሪያውን ማሠራት ይችል ነበር።

ስለ ጉሮሮና አንገት የጻፋቸው ምዕራፎች በተለይ ሕይወት ያላቸው ናቸው። ቶንሲል ያበጠበትን ሰው እንዴት እንደሚያክም እንመልከት። በሽተኛው ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ብርሃን የሚገኘው ከዚያ ነውና። ረዳቱ ከብር ወይም ከመዳብ በተሠራ፣ እንደ ቢላዋ በሳሳ መሣሪያ ምላሱን ወደ ታች ይጫናል። ሐኪሙ ያበጠውን ነገር አስተውሎ ያያል። ቀልቶ የሚያቃጥል ከሆነ በብረት አይነካውም፤ እስኪበስል ወይም እስኪጠፋ ይጠብቃል። ነጣ ያለ፣ ክብና ሥሩ ቀጭን ከሆነ ግን በመንጠቆ ይዞ ወደ ፊት ይስበዋል፤ ከአካባቢው ሽፋን ምንም አብሮ እንዳይመጣ እየተጠነቀቀም ጫፎቹ በተቆለመሙ መቀስ መሰል መሣሪያ ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ በሽተኛው በቀዝቃዛ ውኃና በኮምጣጤ ይጉመጠመጣል፤ ደሙ ካልቆመም የሮማን ልጣጭ የተፈላበት ውኃ ይሰጠዋል።

ስለ እንጥል የጻፈው ለእኛ አገር ሰው ቅርብ ነው። በኢትዮጵያ ልጆች ገና ሕፃን ሳሉ እንጥላቸውን ማስቆረጥ ለብዙ ዘመን የኖረ፣ ብዙ ሕፃናትንም ለደም መፍሰስና ለቁስል የዳረገ ልማድ ነው። አል-ዘህራዊ እንጥል የሚቆረጠው በበሽታ ረዝሞ ሲገኝ ብቻ እንደሆነ፣ ያን ጊዜም ከተፈጥሮ መጠኑ ያለፈው ትርፍ ብቻ እንደሚወሰድ ያስጠነቅቃል። ከዚያ ያለፈ የቆረጠ ሰው የበሽተኛውን ድምፅና ንግግር ያበላሻል።

አልቅትም አለች። ከጅረት ወይም ከኩሬ ውኃ የጠጣ ሰው ጉሮሮው ላይ አልቅት ሊጣበቅበት ይችላል። ከታየች በመንጠቆ ትወጣለች። ካልታየች አል-ዘህራዊ የሚያዘው ዘዴ የእረኛን ብልሃት የሚያስታውስ ነው፤ በሽተኛው ቀኑን ሙሉ ውኃ ተከልክሎ ይውላል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ የሞላበት ገበታ ይቀርብለትና አፉን ከፍቶ ውኃው ውስጥ ያደርጋል፤ ይጉመጠመጣል እንጂ አይውጥም፤ ውኃውንም በእጁ ያንቀሳቅሳል። አልቅቷ የውኃውን መኖር ስታውቅ ለቅቃ ትወድቃለች።

እንቅርትን በሚመለከት ደግሞ ትዕግሥቱ ይታያል። በሴቶች ላይ እንደሚበዛ አስተውሏል፤ ዛሬም እውነት ነው። በአገራችን ደጋዎች ዝናብ አፈሩን እያጠበ አዮዲን የተባለውን ማዕድን ስለሚወስደው እንቅርት ለትውልዶች የታወቀ ነበር፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለው አባባልም ከዚያው ኑሮ የወጣ ነው። አዮዲን ራሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1811 ነውና አል-ዘህራዊ የበሽታውን ምክንያት ሊያውቅ አይችልም ነበር። ሆኖም ምላጭ የማይነካውን እብጠት ከሚነካው ለየ። አብሮ የተፈጠረውን እንዳለ እንዲተዉት፣ ከደም ሥር ጋር የተያያዘውንም እንዳይነኩት አዘዘ፤ ቀዶን የፈቀደው ለትንሹ ብቻ ነው። የደም ሥር የበዛበትን ይህን ዕጢ በማይረባ ምክንያት የከፈተ ሰው የዚያችን የመጀመሪያዋን ሴት ዕጣ በሌላ ላይ እንደሚደግም ያውቅ ነበር።

ይሁን እንጂ ሁልጊዜ እጁን የሚሰበስብ ሰው አልነበረም። ስለ ቀስት ቁስል በጻፈው ምዕራፍ አንድ ክርስቲያን ሰው ጉሮሮው ላይ የዐረብ ቀስት ተሰክቶበት ወደ እርሱ መምጣቱን ይተርካል። የዚያ ዓይነት ቀስት ጆሮ ያለው ነው፤ ወደ ኋላ ቢስቡት ሥጋውን ይቀድዳል። አል-ዘህራዊ በሁለቱ ደም መልሶች መካከል ቆዳውን ሰንጥቆ፣ ወደ ውስጥ የዘለቀውን ቀስት በዝግታ ፈልቅቆ አወጣው። ሰውየውም ዳነ። ሁለቱ ደም መልሶች የት እንደሚያልፉ በእርግጠኝነት ያላወቀ ሰው እዚያ መካከል ምላጭ ሊያስገባ አይደፍርም።

አሁን ወደዚያ ስስ ሽፋን እንመለስ። ጉሮሮ ከውስጥ አብጦ አየር ሲዘጋ፣ ሰው ትንፋሽ አጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። የጥንት ሐኪሞች ለዚህ አንድ መውጫ ጽፈው ነበር፤ ከእብጠቱ በታች የአየር ቧንቧውን በስቶ በዚያ ማስተንፈስ። አል-ዘህራዊ ይህን በአገሩ ሲያደርግ ያየው ሰው እንደሌለ ሳይደብቅ ይናገራል። ቢሆንም አሠራሩን ዘርዝሮ አስቀመጠ። የበሽተኛው አንገት ወደ ኋላ ይቀና፤ ቧንቧው ወደ ፊት ብቅ እንዲል ነው። ሦስት ወይም አራት ቀለበት ወደ ታች ተቆጥሮ፣ በሁለት ቀለበቶች መካከል ባለው ሽፋን ላይ ትንሽ የአግድም ቅድ ይደረግ፤ ምላጩ ልም አጥንቱን አይንካ፤ የደም ሥሮቹም ይጠበቁ። የመታፈኑ አደጋ ሲያልፍ ቆዳው ብቻ ይሰፋ።

የማያየውን ነገር ደፍሮ የጻፈበት ምክንያት ነበረው። አንድ ሌሊት ይሁን ቀን አልገለጸም፤ ወደ አንዲት አገልጋይ ልጃገረድ ተጠራ። ቢላዋ አንሥታ ጉሮሮዋን ቆርጣ ነበር። ለምን እንዲህ እንዳደረገች፣ ከማን ቤት እንደነበረች፣ ስሟም ማን እንደሆነ አልጻፈም። የጻፈው ያየውንና የሰማውን ነው። ከቁስሉ የሚወጣው ድምፅ እንደ ታረደ እንስሳ ሲያጓራ ሰማ። እዚያ ለነበረ ለማንኛውም ሰው ይህ ድምፅ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ አልቋል ማለት ነው። በእርድ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

አል-ዘህራዊ ግን ቁስሉን ገልጦ አየ፤ የፈሰሰው ደም ጥቂት ነበር። ደሙ ጥቂት ከሆነ በጎን ያሉት ደም ቅዳና ደም መልስ አልተነኩም ማለት ነው። አየሩም በቁስሉ በኩል ይወጣ ነበር፤ እንግዲያው የተቆረጠው ሑልቁም ብቻ ነው። ከአራቱ አንዱ። የሚያስፈራው ድምፅ ከተከፈተው ቧንቧ የሚወጣ ትንፋሽ እንጂ የሞት ጣር አለመሆኑን በዚያች ቅጽበት ተረዳ። ፈጥኖ ሰፋው፤ እስኪድንም ተከታተላት። ልጅቷ ከጥቂት የድምፅ መጎርነን በቀር ምንም አልቀረባትም፤ ከቀናት በኋላም ወደ ቀድሞ ጤናዋ ተመለሰች። እርሱም ከዚህ ተነሥቶ የአየር ቧንቧን መክፈት በራሱ ገዳይ እንዳልሆነ ደመደመ።

እኔ ደጋግሜ የማስበው ግን ስለ ድምፁ መጎርነን የጻፈውን ነው። ሙሉ በሙሉ ዳነች ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። የቀረውን ጉድለት ግን አብሮ መዘገበው።

ተመሳሳይ እውነተኛነት በሌላ ታሪኩም አለ። አንዲት ሴት ጉሮሮዋ ውስጥ ጠቆር ያለ ዕባጭ በቅሎ መተንፈሻዋን ሊዘጋው ተቃርቦ ነበር። መብላትም መጠጣትም ተስኗት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ልትሞት ደርሳ ነበር፤ ዕባጩ ሁለት ቅርንጫፍ አውጥቶ በአፍንጫዋ በኩል ብቅ ብሏል። በመንጠቆ እየሳበ ቆረጠላት፤ ወዲያውም ውኃ ጠጣች፣ ምግብም ቀመሰች። ዕባጩ ግን ይመለስ ነበር። ለረጅም ጊዜ እየደጋገመ ሲቆርጥላት ቆየና በመጨረሻ ጉሮሮዋን ከውስጥ በብረት ተኮሰው፤ ማደጉም ቆመ። ከዚያ እርሱ መንገድ ሄደ። ከእርሱ በኋላ አላህ ምን እንዳደረገላት እንደማያውቅ ጽፎ ምዕራፉን አለፈው።

የሕይወቱ ፍጻሜ ከአገሩ መከራ ጋር ተገጣጠመ። እ.ኤ.አ. በ1009 በአንዳሉስ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በዓመቱ ስሙን የወሰደባት መዲነቱ-ዘህራ ተዘረፈች፣ ተቃጠለችም፤ ከተሠራች መቶ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። በ1013 ቁርጡባ ራሷ ወደቀች፤ ብዙ ሊቃውንት ተሰደዱ። አል-ዘህራዊም በዚያው ዓመት ገደማ (በ404 ዓመተ ሂጅራ) ከዚህ ዓለም ተለየ። በዚያ ትርምስ ወቅት ከቁርጡባ ከወጡት አንዱ የነበረው ወጣቱ ኢብን ሐዝም፣ ኋላ የአንዳሉስን ሊቃውንት ሥራዎች ሲዘረዝር አት-ተስሪፍን በከፍተኛ አድናቆት አነሣው። የመዲነቱ-ዘህራ ፍርስራሽ እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

መጽሐፉ ከከተማው ይልቅ ዕድሜ አገኘ። በ12ኛው መቶ ዘመን በጦለይጦላ ከተማ የክሬሞናው ጄራርድ የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ወደ ላቲን ተረጎመው። በ14ኛው መቶ ዘመን የነበረው ታዋቂው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ጊ ደ ሾሊያክ በሥራው ደጋግሞ ይጠቅሰዋል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1465 በአማስያ ከተማ ሸረፈዲን ሳቡንጁኦግሉ የተባለ ሐኪም በዚሁ መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ በቱርክኛ የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ አዘጋጀ፤ ሐኪሙን በሥራ ላይ፣ በሽተኛውንም በፊቱ ተቀምጦ የሚያሳዩ ባለ ቀለም ሥዕሎችም ጨመረበት። ዐረብኛው ጽሑፍ ከላቲን ትርጉም ጋር እ.ኤ.አ. በ1778 በኦክስፎርድ ታተመ።

በአንዳሉስ ግን የአየር ቧንቧው ነገር ገና አከራካሪ ነበር። አል-ዘህራዊ ከሞተ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ በኢሽቢሊያ ከታላቅ የሐኪሞች ቤተ ሰብ የተወለደ ኢብን ዙህር የተባለ ወጣት ሕክምና ይማር ነበር። ሑልቁምን መክፈት ይቻላል አይቻልም የሚለውን ክርክር በተማሪነቱ ሰምቶ በነገሩ ተያዘ። ወደ ሰው ከመሄዱ በፊት አንዲት ፍየል ወሰደ። ቆዳዋንና ከሥሩ ያለውን ሽፋን ከፈተ፤ ከአየር ቧንቧዋም ከግብጦ ፍሬ ጥቂት ያነሰ ቁራጭ አወጣ። ቁስሉንም በውኃና በማር እያጠበ ተከታተለው። ፍየሏ ፈጽሞ ዳነች፤ ከዚያም ረጅም ጊዜ ኖረች።